«ፍሪጁ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት

እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ ላላችሁት ድምፄ ይሰማል? ይሰማል፣ እሺ። መጀመሪያ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ በዚህ ሙቀት የመኪናችሁን ጥላ ትታችሁ እዚህ ድንኳን ውስጥ ለመታፈን የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ምስጋና ይድረሳችሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «የካምፐርቫን የጋዝ ፍሪጅ እንክብካቤና ጥገና» ይላል፣ የማደሪያ መኪናችን ፍሪጅ ማለት ነው። ሰፊ ርዕስ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት፣ ሌላው ሁሉ የሱ ማብራሪያ ነው። «ሞቷል» ተብሎ እኔ ጋ ከሚመጣው የጋዝ ፍሪጅ አብዛኛው አልሞተም። አልሞተም! ወይ ዘመም ብሎ ቆሟል፣ ወይ አየር አጥቷል፣ ወይ እሳቱ ተበላሽቷል። በቃ።

እስቲ እጅ አውጡልኝ፣ «ይሄ አይሰራም አዲስ ግዙ» የተባላችሁ ስንት ናችሁ? ኧረ ብዙ ናችሁ። እጃችሁን እንዳታወርዱ፣ አሁን ደግሞ እንደዛ ያላችሁ ሰውዬ ከውጭ በኩል ያለውን ክዳን ፈትቶ በርነሩን፣ ማለትም እሳቱ የሚነድበትን፣ አይቶ ከሆነ ብቻ እጃችሁን አቆዩት። ይኸው። ሁሉም ወረደ። እንግዲህ ሳያዩ ነው የሚፈርዱት ማለት ነው።

በአራት ነገር እሄዳለሁ፦ አቋቋሙ፣ አየሩ፣ እሳቱ፣ ኤሌክትሪኩ። እሳቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ኤሌክትሪኩን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ለምን ብትሉኝ እሳቱ ነው ሰውን የሚያስፈራው፣ የሚያስፈራው ነገር ደግሞ ሳይነካ ይቀራል፣ ሳይነካ ሲቀር ይበላሻል።

ከዚያ በፊት ግን ዕቃው እንዴት እንደሚሰራ ትንሽ ታገሱኝ። እቤት ያለው ፍሪጅ ኮምፕሬሰር አለው፣ ያጉረመርማል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ይሄኛው ዝም ነው። ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ አንድም የሚንቀሳቀስ ብረት የለም። እሳት ትለኩሱበታላችሁ በረዶ ይሰጣችኋል! አይገርምም? እኔ ስንት ዓመት ስፈታው ስገጥመው ኖሬ አሁንም ይገርመኛል። ሐሳቡን ያመጡት ባልትሳር ፎን ፕላተን እና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የስዊድን ልጆች ናቸው፣ ስቶክሆልም የምህንድስና ተማሪ እያሉ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922። ኤሌክትሮሉክስ የሚባለው የስዊድን ኩባንያ መብቱን ገዝቶ ዓለም ላይ በተነው። አልበርት አንስታይን ሳይቀር፣ አዎ ያ አንስታይን፣ ሊዮ ዚላርድ ከሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ዕቃ የሌለው ፍሪጅ አስቦ በ1930 አሜሪካ የፈጠራ መብት (ፓተንት) አግኝቶበታል። ስለዚህ ነገ ከመኪናችሁ ጀርባ ተንበርክካችሁ ስትታገሉ ትንሽ ስራ እየሰራችሁ አይምሰላችሁ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ከጀርባው ያሉት ጥቁር ቱቦዎች ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያ እና ሃይድሮጂን ታሽገው ተቀምጠዋል፣ ከፋብሪካ እንደወጡ፣ ማንም አይሞላቸውም ማንም አይቀንሳቸውም። ከታች እሳቱ የሚያሞቀው ቦይለር አለ። እዚያ ውስጥ ውሃና አሞኒያው ሲፈላ አረፋው፣ የሚፈላ ድስት ክዳኑን እንደሚገፋው፣ ውሃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ እየገፋ ያወጣዋል። ፓምፑ እሱ ነው፣ ሌላ ፓምፕ የለም። አሞኒያው ተንኖ ላይ ይወጣና ክንፍ ክንፍ ያለው ኮንደንሰር ጋ ሲደርስ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወርዶ ከፍሪዘሩ ጀርባ ይገባል፣ እዚያ ሃይድሮጂን ይጠብቀዋል፣ ከሃይድሮጂን ጋር ሲቀላቀል በቀላሉ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን የሚወስደው ከፍሪጁ ውስጥ ነው። በመጨረሻ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይጠጣውና አብረው ወደ ቦይለር ይወርዳሉ። ከዚያ እንደገና።

አሁን ልብ በሉ። ፈሳሹን የሚያወርደው ክብደቱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አቋቋሙ ወሳኝ ነው። ሙቀቱን የሚጥለው አየር ላይ ነው፣ ስለዚህ አየር የግድ ነው። ዑደቱን የሚያንቀሳቅሰው እሳት ነው፣ ስለዚህ እሳቱ ጤነኛ መሆን አለበት። ሌላ ምስጢር የለውም።

እሺ አንደኛ፣ አቋቋሙ።

አንድ ጊዜ በዕድሜ ገፋ ያሉ ባልና ሚስት ደወሉልኝ፣ ከተራራ ስር ቆንጆ ቦታ አግኝተው ሰፍረዋል፣ ፍሪጁ ግን ማቀዝቀዝ አቁሟል፣ መድኃኒትም ፍሪጁ ውስጥ አላቸው። ሄድኩ። እሳቱን አየሁት፣ ሰማያዊ፣ ንጹህ። ቀዳዳዎቹን አየሁ፣ ክፍት። ከዚያ ውሃ ልኬን አውጥቼ ፍሪዘሩ ወለል ላይ አስቀመጥኩት። አረፋዋ ሄዳ ጥጉ ላይ ተለጥፋ ቀረች! መኪናው ወደ ተራራው ዕይታ ፊቱን እንዲያዞር ብለው ቁልቁለት ላይ በጎኑ ነው ያቆሙት። «አባባ፣ መኪናዋን ትንሽ እናንቀሳቅሳት» አልኳቸው፣ «ፍሪጁ ነው የተበላሸው፣ መኪናው ምን አደረገህ ልጄ» አሉኝ። ብቻ በስንት ልመና ከሁለቱ ጎማዎች ስር ሽብልቅ አድርገን ቀና አደረግናት። በማግስቱ ጠዋት እማማ ደወሉ። «በረዶ ሰርቷል፣ ግን እኮ አንተ ምንም አልሰራህም!» አሉኝ። እኔም «አዎ እማማ፣ የከፈሉኝ ምንም ሳልፈታ ስለሄድኩ ነው» አልኳቸው። ሳቁ፣ ግን አሁንም ያመኑኝ አይመስለኝም።

ውሃ ልኩን የምታስቀምጡት ፍሪዘሩ ውስጥ ነው። የመኪናው ወለል ላይ አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ አይደለም፣ ፍሪጁ ከወለሉ ጋር እኩል መገጠሙን በምን ታውቃላችሁ? ለዘመናዊዎቹ ብዙ አምራቾች ወደ ጎን 3 ዲግሪ ያህል መዝመም ይፈቅዳሉ፣ ከፊት ወደ ኋላ ትንሽ ይሰፋል፣ የድሮዎቹ ግን ያንንም አይታገሱም። የናንተው መመሪያ የሚለውን እዩ። ስትነዱ የሚሆነው መወዛወዝ አያሳስብም፣ ፈሳሹ ወዲያ ወዲህ እያለ መንገዱን ያገኛል። አደጋው ቆሞ ሲዘም ነው፣ ሰዓታት፣ ቀናት።

አደጋው ደግሞ አለመቀዝቀዝ ብቻ መስሏችሁ ችላ እንዳትሉ። ፈሳሹ አንድ ጥግ ላይ ተኝቶ ወደ ቦይለሩ ሳይመለስ ሲቀር እሳቱ ባዶ ቱቦ ነው የሚያሞቀው። ቱቦውን ዝገት እንዳይበላው ሶዲየም ክሮሜት የሚባል ነገር ከውስጥ ተጨምሯል፣ ከመጠን በላይ ሲግል እሱ ይበላሽና ይጠጥራል፣ ጠጥሮ ያቺን ቀጭን የፓምፕ ቱቦ ይዘጋታል። ያ ደግሞ አይታጠብም አይጸዳም። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያለ ይጠራቀማል እንጂ አንድ ቀን ድንገት አይመጣም፣ ለዛ ነው «ባለፈው ዓመት እንዲህ አቁመነው ሰርቷል» የሚለው ክርክር እኔን የማያሳምነኝ።

ሁለተኛ፣ አየሩ። እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከመኪናው ውጭ ሁለት ፍርግርግ አለ አይደል፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። ከታች ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ኮንደንሰሩን አልፎ ሞቆ ከላይ ይወጣል። ይሄ ብቻ ነው ስርዓቱ። ታዲያ ለምን ትዘጉታላችሁ? ለምን?! የክረምት መሸፈኛውን በጋ ላይ ሳያነሱት የሚዞሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ከላይኛው ፍርግርግ ላይ ብስክሌት አስረው መቀመጫውን አፉ ላይ ደቅነው የሚሄዱ አሉ። አንዱ ወጣት ደግሞ መኪናውን በራሱ እጅ ነው የሰራው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሙቀት መከላከያውን ጥጥ ግድግዳው ላይ በሙሉ ሞልቶ ሲያበቃ የተረፈውን ከፍሪጁ ጀርባ ጠቀጠቀው። «ለምን?» ስለው «ቅዝቃዜው ከኋላ እንዳይወጣበት ብዬ» አለኝ። ወንድሜ! ከኋላ የሚወጣው ሙቀት ነው፣ እሱ ካልወጣ ቅዝቃዜ ከየት ይመጣል? ጥጡን ስንመዘው ግማሹ ጠቁሯል፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነበር፣ ከፍሪጁ ይልቅ እሱ ራሱ መትረፉ ነው የገረመኝ። ጥጡ በጎንና በአናት ይሁን፣ እሰየው። ከጀርባ ግን ምንም፣ ምንም አይገባም።

መፈተሻው ቀላል ነው። ፍሪጁ አንድ ሁለት ሰዓት ከሰራ በኋላ እጃችሁን ከላይኛው ፍርግርግ ፊት አድርጉት። ሞቅ ያለ አየር ሲወጣ ይሰማችኋል። እሳቱ እየነደደ እዚያ ምንም ካልተሰማችሁ፣ ወይ አየሩ አይዘዋወርም ወይ ሙቀቱ እላይ አልደረሰም።

ሌላው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ከኮንደንሰሩ ጀርባ ያለው ክፍተት ሲበዛም ጥሩ አይደለም። አየር ሰነፍ ነው፣ ክንፎቹ መሃል ከመግባት ይልቅ ሰፊውን መንገድ ይመርጣል። በክንፎቹና በመኪናው ግድግዳ መሃል 25 ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃል፣ ከዛ ከሰፋ ላሜራ ቆርጣችሁ አጥብቡት፣ ከላይም ላሜራውን ሰያፍ አድርጋችሁ አየሩን ወደ ፍርግርጉ ምሩት። በጣም ሞቃት ቦታ የምትጓዙ ከሆነ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ዓይነት 12 ቮልት ፋን አንድ ወይ ሁለት ከኮንደንሰሩ ስር ወደ ላይ እንድትነፍስ አድርጎ ማሰር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ታች በርነሩ ጋ እንዳታስሯት ብቻ፣ እሳቱን ታውክባችኋለች። ምንም መግዛት ለማትፈልጉ ደግሞ ስትቆሙ የፍሪጁን ጎን ከፀሐይ አዙሩት፣ ነጻ ነው።

ሦስተኛ፣ እሳቱ። እዚህ ተረጋጉ፣ ቀስ ብለን እንሄዳለን።

ከሁሉ በፊት ሲሊንደሩን ዝጉ። ፍሪጁ ላይ ያለውን ቁልፍ ማጥፋት በቂ አይደለም፣ ሲሊንደሩ ራሱ ይዘጋ። ሲጋራ ይጥፋ። ይቀዝቅዝ፣ ቦይለሩ አካባቢ ቆዳ ይልጣል። ሌላው ደግሞ አገራችሁ ሕጉ የጋዝ መስመር የሚፈታው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚል ከሆነ ሕጉን አክብሩ፣ ብዙ ቦታ ይላል፣ ያኔ ይሄን የምነግራችሁ ሰራተኛው ምን መስራት እንዳለበት አውቃችሁ እንድታዩት ነው።

የታችኛውን ፍርግርግ ስታነሱ ትንሽ የላሜራ ሳጥን አለች፣ በአንድ ወይ ሁለት ብሎን የተያዘች። ካቻቢቴ ያዙና ፍቱ። ውስጧ በርነሩ አለ፣ አጠገቡ ብልጭታ የምታወጣዋ ኤሌክትሮድ አለች፣ ሌላዋ ቀጭን ዘንግ ቴርሞካፕል ናት። ከላይ ቀጥ ብሎ ጭስ ማውጫው ይወጣል።

መጀመሪያ የምታገኙት ዝገት ነው። ጭስ ማውጫው ውስጡ ይዝጋል፣ መኪናው ሲንገጫገጭ ቅርፊቱ ይረግፍና በርነሩ ላይ ይከመራል። ሁለተኛ የምታገኙት ሸረሪት ነው። እውነቴን ነው! ሸረሪት የጋዝ ሽታ ትወዳለች ይባላል፣ ወደደችም አልወደደችም በርነር ቱቦ ውስጥ ድሯን ማድራቷን ግን ሁልጊዜ አያታለሁ። ተርብም በጭቃ ትንሽ ቤት ትሰራበታለች። አንዲት ክር ድር የጋዝና የአየሩን ድብልቅ ለማበላሸት በቂ ናት። ድብልቁ ሲበላሽ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫ እሳት ጥላሸት ያወጣል፣ ጥላሸቱ ጭስ ማውጫውን ይዘጋል፣ ጭስ ማውጫው ሲዘጋ እሳቱ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ፍሪጁ ከዚያ በኋላ ጋዝ እየበላ አያቀዘቅዝም።

ጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠማዘዘች ብረት በሽቦ ተንጠልጥላ ታገኛላችሁ። እሷ ሙቀቱ በቀጥታ ሽው ብሎ እንዳይወጣ ታዘገየዋለች፣ ቦይለሩ ሙቀቱን እንዲወስድ። ከማውጣታችሁ በፊት ሽቦዋ ላይ የት ድረስ እንደገባች ምልክት አድርጉ ወይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከፍታዋ የተለካ ነው፣ ዝቅ ወይ ከፍ ብላ ከተመለሰች አቀዘቃቀዙ ይቀየራል። ያለሷ የገጠሙትም አሉ፣ «አንድ ብረት ተርፎኛል» ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ ያመጣልኝን ሰው አልረሳውም። በርነሩን አውጡ ወይም በጨርቅ ሸፍኑ፣ ከዚያ ጭስ ማውጫውን ልኩ በሆነ ክብ ብሩሽ ከላይ እስከ ታች ጥረጉ። ካልሸፈናችሁት ያ ሁሉ ጥላሸት በርነሩ ላይ ነው የሚወርደው።

አሁን ኖዝሏ። ጋዙ የሚወጣባት ትንሿ ነሐስ። ስትፈቱ የምትይዙበትን ብረት በሌላ ቁልፍ ደግፉ፣ ቱቦው አብሮ እንዳይጠማዘዝ። መዳፋችሁ ላይ አድርጓትና ወደ ብርሃን አንስታችሁ በቀዳዳዋ እዩ። በጣም ትንሽ፣ የተስተካከለ ክብ ብርሃን ካያችሁ ደህና ናት። ጠርዙ ሸካራ ወይ ግማሽ ጨረቃ ከመሰለ ቆሽሻለች። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው መርፌ ይፈልጋል። መርፌ የለም! ሽቦ የለም! ብዙዎቹ በሌዘር የተበሱ ናቸው፣ መርፌ ስትሰዱባት ቀዳዳዋ ትሰፋለች፣ ጋዙ ይበዛል፣ ቢጫው እሳት ለዘለዓለም አብሯችሁ ይኖራል። ንጹህ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሯት፣ አውጥታችሁ በንፋስ ንፉባት፣ ትድረቅ። ካልጸዳች አዲስ ግዙ፣ ዋጋዋ ከፍሪጁ ጋር አይነጻጸርም። በርነሩን ራሱን በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ስንጥቆቹን በሙሉ፣ ንፉበት።

ቴርሞካፕሏ። ይሄ የሕይወት ዋስትናችሁ ነው። ጫፏ እሳት ሲነካት ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት አካባቢ የምትሆን ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ ያቺ ኤሌክትሪክ የጋዙን ቫልቭ በማግኔት ከፍታ ትይዘዋለች። እሳቱ በንፋስ ቢጠፋ ትቀዘቅዛለች፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ጋዝ አይፈስም። ስለዚህ ስትለኩሱ ቁልፉን ተጭናችሁ 15 ሰከንድ ያህል የምትቆዩት እሷ እስክትሞቅ ነው። እጃችሁን ስትለቁ እሳቱ ከጠፋ፣ መጀመሪያ ተጠርጣሪ እሷ ናት፦ ጫፏ ጠቁሯል፣ ወይ ከእሳቱ ሸሽታለች፣ ወይ ቫልቩ ጋ ያለችው ዳዶ ላልታለች። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጫፏን ጥረጉ፣ እሳቱ መሃል መግባቷን አረጋግጡ፣ ዳዶዋን በጣት አጥብቃችሁ ሩብ ዙር ብቻ በቁልፍ ጨምሩ። ጨምሬ ላጥብቅ ያላችሁ እንደሆነ ትሰበራለች። ቁልፉን በእንጨት ወይ በላስቲክ አስሮ ተጭኖ እንዲቀር ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል፣ «ይሰራል እኮ» አለኝ። ይሰራል። እሳቱ የጠፋ ቀን ግን ጋዙን የሚያቆመው የለም፣ ፕሮፔን ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ አይበንም፣ ወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። እባካችሁ።

ሁሉን ከገጠማችሁ በኋላ የፈታችሁትን መጋጠሚያ በሙሉ በሳሙና አረፋ ፈትሹ። አረፋ ካበጠ ይፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አጠገብ አትቁሙ። ከዚያ ለኩሱ፣ ሲሊንደር ከቀየራችሁ መስመሩ ውስጥ አየር ስላለ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ደጋግሙ። የምትፈልጉት ሰማያዊ፣ የተረጋጋ፣ በጸጥታ የሚነድ እሳት ነው። ሁሉ ንጹህ ሆኖ አሁንም ደካማ ከሆነ ግፊቱን አስለኩ፣ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ያለበት ላሜራ ስንት ሚሊባር እንደሚፈልግ ይነግራችኋል፣ አውሮፓ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 30 ነው፣ ሲሊንደሩ ላይ ግፊቱን የሚቀንሰው የሬጉሌተሩ ቁጥር ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። ብርድ ላይ ደግሞ ሲሊንደሩ ቡቴን ከሆነ ፍሪጁን አትውቀሱ፣ ቡቴን 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፣ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ይተናል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም። የፍሪጁ ጀርባ ከምትተኙበት ክፍል በደንብ የታሸገ መሆን አለበት፣ ማሸጊያው ተሰንጥቆ ከሆነ ዛሬውኑ አስጠግኑት። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ሳይኖረው ጋዝ የሚያነድ ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረኝ፣ ለብቻው ልቆጣው።

አራተኛ ኤሌክትሪኩ፣ እንዳልኳችሁ ቶሎ ነው። የኤሌክትሪኩ ትልቁ ጥቅም ምርመራ ነው። ፍሪጁን ቀና አድርጋችሁ አቁሙ፣ የግድግዳ መብራት ላይ ሰኩት፣ አንድ ሌሊት ተዉት። በመብራት ጥሩ አቀዝቅዞ በጋዝ እምቢ ካለ ማቀዝቀዣው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ እሳቱ ጋ ነው፣ ደስ ይበላችሁ። በሁለቱም እምቢ ካለ አየሩን እዩ፣ ከዚያ ነው መስጋት። በተቃራኒው በጋዝ ሰርቶ በመብራት እምቢ ካለ ማሞቂያዋን በቴስተር ለኩ፣ ስፒናውን ነቅላችሁ። 230 ቮልት 125 ዋት የሆነች ማሞቂያ 423 ኦም አካባቢ ታሳያለች፣ 12 ቮልት 120 ዋት ከሆነች 1.2 ኦም። ምንም ካላሳየች ተቃጥላለች፣ ትቀየራለች። የ12 ቮልቱ የተለመደ በሽታ ቀጭን ሽቦ ነው፣ 10 አምፔር የሚጠጣ ዕቃ በቀጭን ሽቦ ስታገናኙት ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ፍሪጁ ጋ 10.5 ቮልት ብቻ ከደረሰ ጉልበቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ሞተር ጠፍቶ በ12 ቮልት አታስኬዱት፣ ጠዋት ባትሪ የለም። አዳዲሶቹ ደግሞ በጋዝ ሲሰሩም ሰርኪዩት ቦርዳቸው 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ባትሪው ደክሞ «ጋዙ እምቢ አለ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

እና በእውነት የሞተስ? አለ። በቦይለሩ አካባቢ ቢጫ ዱቄት ወይ ቢጫ የወረደ ምልክት ካያችሁ፣ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ካለ፣ ቱቦው ተበስቷል። ያ ቢጫው ክሮሜት ነው፣ መርዝ ነው፣ በባዶ እጅ አትንኩት። አጥፉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ። ውስጡ ከ20 ባር በላይ ግፊት ስላለ ማንም «እበይደዋለሁ» ቢላችሁ እንዳትሰሙት፣ ጎበዝ በያጅ ቢሆንም። ሽታም ቢጫም ሳይኖር ታች እጅግ ግሎ ላይ ኮንደንሰሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ተዘግቷል ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ፍሪጁን አውጥተው ገልብጠው ያሳድሩታል፣ ፈሳሹ እንዲደባለቅ። አንዳንድ ጊዜ ይነሳል፣ አልክድም። ግን የጠጠረውን ክሮሜት አያሟሟም፣ ለብዙ ጊዜም አይቆይም። ወደ ቆሻሻ ሊጣል የተወሰነበት ላይ ሞክሩት፣ ምንም አታጡም።

እሺ፣ ጥያቄ እንቀበል ተባልኩ። አዎ እህቴ፣ ከፊት ያለሽው።

«ከመጓዛችን ስንት ሰዓት በፊት ነው የሚበራው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ሌሊቱን ሙሉ ብታሳድሪው ይሻላል። ምግቡም ቀዝቅዞ ይግባ። ይሄ ፍሪጅ የቀዘቀዘን ጠብቆ ማቆየት ይችልበታል፣ ትኩስ ነገር ማቀዝቀዝ ግን ያደክመዋል። ጥቅጥቅ አድርገሽም አትሙይው፣ ውስጡም አየር ይዙር። በረዶ ክንፎቹ ላይ ከወፈረ አቅልጪው፣ በቢላ እንዳትፍቂው ብቻ።

አባቴ እርስዎ፣ ይቀጥሉ። «በሩ ላላ፣ ጎማው ነው?» ሊሆን ይችላል። ወረቀት በሩ ላይ አስገብተው ይዝጉትና ይሳቡት፣ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይገጥምም። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበትና ቅርጹን ያስተካክሉት፣ ከተሰነጠቀ ግን ይቀየር። መኪናውን ለረጅም ጊዜ ሲያቆሙ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት፣ አለዚያ ሻጋታው ያባርርዎታል።

የመጨረሻ፣ ከኋላ። «ነዳጅ ስንቀዳ ጋዙ ላይ መሆን ይችላል?» አይችልም። በርነሩ ክፍት እሳት ነው፣ የነዳጅ ትነት ደግሞ ከታች በፍርግርጉ ይገባል። ማደያ ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት፣ ስትነዱ በ12 ቮልት ይሂድ፣ ለዛ ነው የተሰራው።

ጨርሻለሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ነጩ መኪና ጋ ጠዋት የዘጋሁትና የቀዘቀዘ ፍሪጅ አለ፣ ባለቤቱ ፈቅዶልናል፣ ሳጥኗን ፍቼ ኖዝሏን በእጃችሁ እንድታዩ አደርጋለሁ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ተራ ተራ ኑ፣ ሲጋራ የያዛችሁ እዚሁ አጥፉልኝ፣ ውሃ ልክ ያላችሁ ደግሞ ይዛችሁ ኑ፣ መኪናዋ ትንሽ ወደ ግራ የዘመመች መስላኛለች።